የለቅሶው ካሴት ጀርባ

ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከጫማ ሰፊዎቹ ተርታ በስተጀርባ፣ የአራጌ ካሴት ቤት ነበረች። በሯ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስገባም፤ ከደጅ የተሰቀለው ስፒከር ግን ግማሽ ከተማ ያስጨፍራል። አራጌ ደንበኛ ሲገባ እንደ ሌሎቹ ካሴት ሻጮች "የማንን ልስጥህ?" አይልም። ፊቱን ትክ ብሎ ያይና "ማን አስቀየመህ?" ይላል። ወይም "ሠርጉ መቼ ነው?" ይላል። ከዚያ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰድዶ አንዲት ካሴት ይመዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይስትም። መንዙማ ለሚሻው መንዙማ፣ መዝሙር ለሚሻው መዝሙር፣ የራያ ጭፈራ ለሚሻው ጭፈራ። ከሮቢትም ከጎብዬም ሰው እየመጣ "አራጌ የመረጠው ይሁንልኝ" እያለ ይወስድ ነበር።

እሱ ራሱ የሚወደውን ግን ከከተማው አንድ ሰው እንኳ ወዶለት አያውቅም።

አራጌ የሚወደው ጩኸት ነው። ጩኸት ያሉት እንግዲህ የቆቦ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ሜታል ይለዋል። ከሜታልም ረጋ ያለውን አይደለም፤ ዘፋኙ የማይዘፍንበትን፣ ከሆድ ዕቃው የሚያጓራበትን፣ ከበሮው የቤት ጣሪያ በድንጋይ የሚደበደብ የሚመስለውን፣ የመጨረሻውን ክፉ ነው የሚወደው። ሚስቱ ቆንጅት፣ እግዜር ይስጣት፣ ታጋሽ ሴት ናት። እሷ እንኳ "ያንን የታመመ ጅብ አንድዬ ይማረውና ዝጋው" ትለው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዘጠና አንድ ዓ.ም. ነው። ያኔ ሜዳው ላይ የመስኖ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ሰፍረው ነበር። ከእነሱ ጋር ጺሙ ደረቱ ላይ የተኛ አንድ ፈረንጅ ነበረ፤ አቧራ የጎረሰ ቴፑን እየያዘ አራጌ ዘንድ ይመጣል፣ አራጌም ከፍቶ በአልኮል ይጠርግለታል። ሥራው አልቆ ሲሄድ አንድ ካርቶን ካሴት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለት ጣቶቹን እንደ በሬ ቀንድ ቀስሮ ተሰናበተና መኪናው ላይ ወጣ። አራጌም ምን ማለቱ እንደሆነ ባይገባው፣ ነውር እንዳይሆንበት እሱም ሁለት ጣቱን ቀስሮ ሸኘው።

በካርቶኑ ውስጥ አሥራ አራት ካሴት ነበረ። ሽፋናቸው ላይ ያለው ፊደል እንደ ቆንጥር እሾህ የተጠላለፈ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃው የእንግሊዝኛ መምህር እንኳ አገላብጦ አይቶ "ይሄ ጽሑፍ አይደለም፣ ሥዕል ነው" ብሎ መለሰለት። አራጌ አንዱን ቴፕ ውስጥ ከተተና ተጫነው። መጀመሪያ ቴፑ የተበላሸ መስሎት ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። ከዚያ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ድምፁን ያውቀዋል። ልጅ ሳለ በመስከረምና በጥቅምት የአባቱን ማሽላ ከወፍ ይጠብቅ ነበር። ማማ ላይ ወጥቶ ከጎህ እስከ ፀሐይ ግባት መጮህ ነው ሥራው። በአሥረኛው ቀን ገደማ ድምፅ ይዘጋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደግሞ ከተዘጋው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ይመጣል፤ የልጅም የአዋቂም ያልሆነ፣ ባለቤቱን ራሱን የሚያስደነግጥ። አራጌ ያን ድምፅ ከእሱ በቀር ማንም ያወጣው አይመስለውም ነበር፤ አፍሮበትም ለሰው ተናግሮ አያውቅም። አሁን ስሙን የማያውቀው አገር ሰው፣ ያንኑ ድምፅ በከበሮና በጊታር አጅቦ፣ ሳያፍር በካሴት ቀድቶ ሸጦታል። አራጌ ደስ አለው። ብቻውን በዚያች ጠባብ ቤት ቆሞ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ መፈለግ ጀመረ። ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮችን አደራ ይላል። አደራውም አጭር ነው፦ "ሽፋኑ ላይ ያለው ፊደል ከተነበበላችሁ ተዉት፤ ካልተነበበ አምጡልኝ።" በዚህ ዘዴ በአምስት ዓመት ውስጥ ካሴቶቹ ሠላሳ አንድ ደረሱ። ስማቸውን ማንበብ ስላልቻለ ራሱ ስም አወጣላቸው። ስለ እያንዳንዳቸውም በደብተር ይጽፍ ነበር። ከሁሉ አብልጦ ስለሚወደው ካሴት የጻፈው እንዲህ ይላል፦ "ጎሊና በነሐሴ። ወንዙ ከደጋ ዘንቦበት ሲወርድ ድንጋይ እንደሚያንከባልለው ነው ከበሮው። ጀርባው ላይ ሦስተኛው ዘፈን ጋ ጎርፉ ቀጥ ይልና አንድ ክር ብቻዋን ትመታለች፤ እዚያ ላይ ሰው ማነጋገር አይገባም። ለጀማሪ አይሆንም። ከምሳ በኋላ ይደመጥ።"

ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ማን ዝም ይላል? አራጌ ለሰው ማሰማት ፈለገ። ሽያጩን አይደለም የፈለገው፤ በነፃ እያዋሰ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መጥቶ "ያችን ቦታ ሰማኋት" እንዲለው ነበር የሚመኘው።

መጀመሪያ የሞከረው ወፍጮ ቤት ባለው በሙሉጌታ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር የሚውል ሰው ይህን አይፈራም ብሎ አስቦ ነው። ሙሉጌታ በማግሥቱ ካሴቱን መልሶ አመጣ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው በቅባት ተለውሷል። "ወፍጮው ጠጠር የበላ መስሎኝ አጥፍቼ ፈታሁት እኮ! ግማሽ ቀን ስበታትነው ዋልኩ። ለካ ያንተ ሰውዬ ነው!" አለው።

ሁለተኛው የሚኒባስ ሾፌር አብዱሰመድ ነበር። ወልድያ እስኪደርስ ጉዞው እንቅልፍ እንዳያመጣበት ብሎ አዋሰው። አብዱሰመድ ከቆቦ ወጣ እንዳለ ከፈተው። ሮቢት ሳይደርስ የኋላ ወንበር ላይ ያሉ እናት "አዑዙ ቢላህ!" አሉ፤ ከፊት የተቀመጡት ቄስ መስቀላቸውን አወጡ፤ ሮቢት ላይ አራት ሰው የከፈለውን መልስልኝ ሳይል ወርዶ ሄደ። "በመኪናዬ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ አፍ የጸለየው ያን ቀን ነው፤ ለዚህስ ምንዳ አለህ" ብሎ አብዱሰመድ ካሴቱን መለሰለት። አራጌ ሳቀ። ሰውዬው ሲሄድ ግን ሆድ ባሰው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠና ስድስት ዓ.ም. ገባ። በኅዳር፣ ማሽላ በሚቆረጥበት ወቅት፣ አያ ወልደ ሚካኤል ሞቱ። በቆቦ ዳር ያርሱ የነበሩ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ፀዲ ሳዑዲ አረቢያ ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

በዚያ ዘመን ልጅ አረብ አገር ሆኖ ወላጅ ሲሞትበት፣ ለቅሶው በካሴት ተቀድቶ ይላክለታል። ልጁ ቀብር ላይ አልቆመም፣ አፈር አላለበሰም፤ አልቃሿ አባቱን እንዴት እንዳነሳቻቸው፣ ሰው እንዴት እንደተሰበሰበ ቢያንስ በጆሮው ይስማ ተብሎ ነው። መቅጃ ቴፕ ያለው አራጌ ስለሆነ የሚጠራውም እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ከማንም ገንዘብ ተቀብሎ አያውቅም።

የአያ ወልደ ሚካኤል ለቅሶ ዕለት ግን ባዶ ካሴት አልነበረውም። ከደሴ ዕቃ የምታመጣው መኪና ቀርታለች። ለቅሶው ረጅም ነው፤ አልቃሿ እትዬ የሻረግ ናት፣ እሷ ከያዘች ቶሎ አትለቅም። አራጌ ካሴቶቹን አገላበጠ፤ ዘጠና ደቂቃ የሚይዝ ያልተበጣጠሰ ካሴት አንድ ብቻ አገኘ። ጎሊና በነሐሴ። ለአፍታ ያህል አመነታ። ከዚያ በራሱ አፈረና፣ ለአያ ወልደ ሚካኤል ይህ ቢቀርብላቸው ምን አለበት ብሎ፣ እንድትቀዳለት ካሴቷ ዳር ላይ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት ጠቅጥቆ ይዟት ሄደ።

የሻረግ ያን ቀን ራሷን በለጠች። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ የካሴቱ ፊት እስኪያልቅ፣ ሰውዬውን ከበሬያቸው ከማሽላቸው፣ ከዳኙት ጠብ ከመለሱት ደም እያነሳች ሰዉን አንጀቱን በላችው። ጀርባው ለቤተሰቡ ቃል ነበር የታሰበው። ግን የፀዲ እናት እማማ ዘነበች አንደበታቸው ተዘግቶ መናገር አቃታቸው። ካሴቷን ሳዑዲ የሚያደርሰው ተጓዥ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት በአውቶቡስ ስለሚነሳ፣ እንዳለው የሚባለው የፀዲ ወንድም ካሴቷን ከአራጌ እጅ ተቀብሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ላከ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ቆንጅት "ሰሞኑን ያ ጎርፍህ ጠፋ፤ ተመስገን" አለችው።

አራጌ የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ ጣለው። የካሴቷን ፊት ለቅሶውን ቀድቶ አጥፍቶታል። ጀርባውን ግን አልነካውም!

"ምን ሆንክ?"

"ጀርባው ላይ ሰውዬው አለ" አላት። አባቷ የሞተባት ልጅ፣ በሰው አገር፣ የእናቷን ቃል እሰማለሁ ብላ ካሴቱን ስትገለብጥ የሚጠብቃት ጅብ ነው።

"በል ሂድና ለቤተሰቡ ንገር" አለችው ቆንጅት።

አልሄደም። እነሱ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቶ በገበያው ጀርባ እየዞረ ሦስት ወር ያህል ተሽሎከለከለ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ግን ፈሪ ጨዋ ነበር።

በየካቲት የፀዲ ወንድም እንዳለው መጥቶ ካሴት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከኋላው እማማ ዘነበች ነበሩ፤ ከእሳቸውም ኋላ የሻረግ። "መልስ መጥቷል። የኛ ቴፕ ካሴት ይበላል፤ እዚህ እንስማው ብለን ነው" አለ እንዳለው። የሻረግ ማንም ሳይጠራት ነው የመጣችው፤ ሥራዋ እንዴት እንደተወደደ በጆሯዋ መስማት ፈልጋ።

አራጌ ለእማማ ዘነበች በርጩማ ሰጥቶ ካሴቷን ከተተ።

"ሳሊሀ ነኝ..." አለ ካሴቱ። "ኧረ ምን ነካኝ። እኔ ነኝ፣ ፀዲ ነኝ።" የሄደችበት ፓስፖርት ላይ የተጻፈው ስም ሳሊሀ ነበር። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ። እንዳለው፣ እንዴት ነህ። ለቅሶውን ሰማሁት። እትዬ የሻረግ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አባዬን እንዳለ አመጣሽልኝ።" የሻረግ ነጠላዋን አስተካከለች። "ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላለቀስኩም። ደረቅሁ። መርዶውን የሰማሁ ቀን እንግዳ ነበር፤ ሻይ ሳቀርብ ዋልኩ። እንባዬ እንደዚያው ቀረ። ለቅሶውንም ሰምቼ ደረቅሁ። ከዚያ እማዬ ታወራኛለች ብዬ ካሴቱን ገለበጥኩት። ሌላ ሰውዬ መጣ።"

"የቱ ሰውዬ?" አሉ እማማ ዘነበች።

"ቆይ እማዬ፣ ትጨርስ" አለ እንዳለው።

"ምን እንደሚል አይገባኝም። አባዬ በግ ሊሸጥ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚያውቀው የአፋር ሰው ይሆን? እናንተ ታውቃላችሁ። ግን እማዬ፣ እንዲህ ያዘነለት ሰው አላየሁም። ቃሉ ሁሉ አልበቃው ብሎ እኮ ነው የሚያጓራው! እመቤቲቱ ከቤት ስትወጣ ጠብቄ፣ የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን አስነስቼ፣ ጎረቤት እንዳይሰማኝ፣ አብሬው ጮህኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ያኔ እንባዬ መጣ። አንድ ቦታ አለ፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ አንዲት ክር ብቻ የምትመታበት። እዚያ ላይ እየመለስኩ እየመለስኩ እሰማታለሁ። ያን ሰው አመስግኑልኝ። ስሙን ላኩልኝ። ሌላም ካለው ላኩልኝ።"

አራጌ ወደ ቴፑ ጠጋ አለ። ያችን ቦታ ሰምታታለች! አምስት ዓመት ሙሉ ለሰው ሊያሳያት ሲለፋ የኖረባትን ቦታ፣ ማንም ሳይነግራት፣ በሰው አገር ማድቤት ውስጥ ብቻዋን አግኝታታለች። ደስታና ሐፍረት አንድ ላይ መጡበት።

"ለቅሶ ላይ አፋር አልነበረም" አለ እንዳለው ቀስ ብሎ። ከዚያ አራጌን አየው።

አራጌ ሁሉንም ነገራቸው። እንዳለው ተነስቶ የአራጌን ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጨመደደ። "የአባቴ ለቅሶ ጀርባ ላይ? ይሄን ያንተን እብደት?"

"ተወው አንተ" አሉ እማማ ዘነበች። "አሰማኝ።"

"ምኑን እማማ?"

"ልጄን ያስለቀሳትን።"

ያችው ካሴት ሳዑዲ ናት፤ አራጌ የምትቀርባትን ፈልጎ ከፈተ። እማማ ዘነበች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እስከ መጨረሻው ሰሙ። የሻረግ ደግሞ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ ባለሙያ የሌላ ባለሙያ ሥራ እንደሚያይ፣ ጆሮዋን ጣለች።

"ትንፋሹን ከእምብርቱ ነው የሚያነሳው" አለች በመጨረሻ። "እኔም በወጣትነቴ አደርገው ነበር፤ ያደክማል። ማን ሞቶበት ነው?"

"ማንም አልሞተበትም እትዬ የሻረግ። ዘፈን ነው።"

"አንተ በምን አወቅህ?" አለችው።

"እኔን ራሴን አዞረኝ" አሉ እማማ ዘነበች። "ግን አትንገሯት። ለወልደ ሚካኤል አንድ ሰው ጨምሮ ቢያለቅስለት ምን ይጎዳል? ልጄ አልቅሳለች፤ ይበቃኛል።" እንዳለውም ንዴቱ በረድ ብሎለት "እንግዲህ አንድ የአፋር ወዳጅ ነበረው እንበላት። ስሙን አሊ እንበለው" አለ። የሻረግም በነገሩ ተስማማች። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለ።

ለአራጌ ግን አላለቀለትም። ሦስት ቀን ካሴቶቹን እያወጣ መልሶ ሲደረድር ሰነበተ። ከፈለገ የቀሩትን ሠላሳ ካሴቶች ተራ በተራ "አሊ የላከልሽ" እያለ ሊልክላት ይችላል። ትሰማለች፣ ትወዳለች፣ መልስ ትልካለች። የተመኘው ሁሉ ደጁ መጥቶ ቆሟል።

"ምን ሆንክ አንተ?" አለችው ቆንጅት። "ሰሚ ፈለግህ፣ ሰሚ መጣልህ።"

"የኔን አይደለም የሰማችው" አላት። "እሷ እየሰማች ያለችው የአባቷን ወዳጅ ነው። እሱ ደግሞ የለም።"

ተነስቶ እማማ ዘነበች ቤት ሄደ። በገበያው ጀርባ ሳይዞር፣ በፊት ለፊቱ መንገድ። ሊነግራት እንደሚፈልግ ነገራቸው።

"እንደገና ታስለቅሳታለህ" አሉት።

"አዎ እማማ።"

"ባትነግራትስ፣ ስትመጣ 'አሊ የታለ፣ እጁን ልሳመው' ብትለኝ ማንን ላቀርብላት ነው?" አሉ ለራሳቸው ያህል። "ይሁን። ግን በራስህ አፍ ንገራት። እኔ አልናገርም።"

አራጌ በሩን ዘግቶ ቀዳ። ሰባት ጊዜ ጀምሮ ሰባት ጊዜ አጠፋው። በስምንተኛው እንዲህ አለ፦ "ፀዲ፣ አራጌ ነኝ፣ የካሴት ቤቱ። ያ ሰውዬ አባትሽን አያውቅም። ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ስሙ አይነበብም። ካሴቱ የኔ ነበር፣ ጀርባውን ሳላጠፋ የላክሁትም እኔ ነኝ። በደልኩሽ፣ ይቅር በይኝ። ያች ክር ብቻዋን የምትመታባት ቦታ ግን... እኔም እዚያ ላይ ነው የምመላለሰው። ሌላ ካሴት አብሬ ልኬያለሁ። የግንቦት አቧራ እላታለሁ። ከእጄ ካለው ሁሉ እሷ ትበልጣለች። ካልፈለግሽ የራስሽን ቃል ቅጂባት። ከፈለግሽ ግን ከፊቷ ጀምሪ፤ መሐል ላይ አታቋርጫት።"

መልስ አልመጣም። ለቤተሰቡ ካሴት ይመጣል፤ ስለ ጤናዋ ታወራለች፣ ስለ በጎቹ ትጠይቃለች። እንዳለው በደጅ ሲያልፍ "ስላንተ ምንም አላለችም" ይለዋል፤ ከጊዜ በኋላ ያንንም ማለት ተወ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ። ካሴት የሚገዛ ሰው እያነሰ ሲዲ የሚጠይቀው በዛ። አራጌ ለሾፌሮቹ አደራ ማለቱን ተወ። ካሴቶቹንም ሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ከተታቸውና ጠረጴዛው ሥር ገፋቸው። ለእሷ እውነቱን በመናገሩ አልተጸጸተም፤ ግን አዘነ፤ ማዘኑንም አልደበቀም።

በዘጠና ስምንት ጥር፣ በገበያ ቀን፣ ቤቷ በሠርገኛ ተጨናንቃ ሳለ፣ ጥቁር ሻርፕ የጠመጠመች ወጣት ሴት ሰዉን በትከሻዋ እየከፈለች ገባች።

"ጋሽ አራጌ፣ ፀዲ ነኝ። የወልደ ሚካኤል ልጅ።"

አራጌ ከወንበሩ ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ።

"እንዴት ተናድጄብዎት ነበር መሰለዎት!" አለችው። "ያቺን ሁለተኛዋን ካሴት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት። ማታውኑ ተመልሼ አወጣኋት እንጂ። አራት ወር ግን ሁለቱንም አልነካሁም። ከዚያ አንድ ቀን የመጀመሪያውን ከፈትኩት። አባዬን እንደማያውቀው እያወቅሁ። ያው አስለቀሰኝ።" ትከሻዋን ነቀነቀች። "ለማን እንደሚጮህ እንጃ እንጂ፣ ውሸቱን አይደለም።"

"ይቅር አልሽኝ?" አላት።

"እሱንማ ድሮ። ሌላ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። የግንቦት አቧራ ያሉት አይረባም።"

"ምን አልሽ?"

"አይረባም። ዝም ብሎ ይሮጣል። የመጀመሪያው ሲሮጥ የሚሄድበት አለው፤ ሲቆምም ምክንያት አለው። ይሄኛው ግን የት እንደሚሄድ ራሱም አያውቅ።"

አራጌ ደሙ ፈላ። "ስንት ጊዜ ሰማሻት?"

"ሦስት ጊዜ።"

"በሦስት ጊዜ ምን ይታወቃል! ሰባት ጊዜ ከሰማሻት በኋላ ነው መሮጧ የሚገባሽ! አራተኛውን ዘፈን ልብ ብለሽዋል?"

"የባሰው አራተኛው ነው እኮ!"

"አራተኛው?" አራጌ ተንበርክኮ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎተተ። የግንቦት አቧራ ቅጂ ነበረው፤ እየፈለገ ይጮሃል፣ እሷም ከላይ ሆና ትጮሃለች። አንድ ሠርገኛ "ጋሽ አራጌ፣ ሙሽራው እየጠበቀ ነው" ቢለው፣ ያ ፊት ሳያይ ካሴት የማይሰጥ ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው "ነገ ና" አለው። ሠርገኛው ሠርጉ ዛሬ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሚሰማው አልነበረም።

ቆንጅት ምሳ ይዛ ስትመጣ ባሏ ከማታውቃት ሴት ጋር ሲጯጯህ አገኘችው። "ኧረ በስመ አብ! ምን ሆናችሁ ነው የምትጣሉት?"

"አልተጣላንም" አለ አራጌ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ይስቅም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ "ዝጋው" ያለው ሰው ቁጥር የለውም። "ይሄኛው ከዚያኛው ያንሳል" ያለው ግን ከፀዲ በፊት ማንም አልነበረም። ምሳውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠ፤ በርጩማዋን ለፀዲ ሳበላት፤ ካሴቷንም ወደ አራተኛው ዘፈን ማጠንጠን ጀመረ።